በመዳብ፣ በዚንክና በእርሳስ ጭቃ ውስጥ 56 የማንግሮቭ ችግኞች፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ከተከላው 31 ቀን በፊት

ጭቃው መጣ። ፈቃድ ካገኘሁበት የማንግሮቭ ዳርቻ የተወሰደ ነው፤ በአቅራቢያው ፋብሪካም የመርከብ ማቆሚያም የለም። በ2 ሚሊሜትር ወንፊት አሳልፌ ዛጎሉን፣ የቅጠል ስብርባሪውንና የቆየውን ሥር ለየሁ። እርጥብ ጭቃ በወንፊት ማሳለፍ ቀን ሙሉ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ግን ይህ ካልተደረገ አንዱ ባልዲ ዛጎል በዛበት፣ ሌላው አነሰው ማለት ነው። ዛጎል ደግሞ የጭቃውን አሲድነት ስለሚያበርድ ብረቶቹን፣ ማለትም መዳቡን፣ ዚንኩንና እርሳሱን፣ ይነካል።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከጀልባ ቀለም፣ ከመኪና ጎማ፣ ከጣሪያ ቆርቆሮ እየታጠበ የሚወርደው መዳብና ዚንክ፣ ባለ እርሳስ ቤንዚን ሲነድ ከኖረበት ዘመን የቀረው እርሳስ፣ ብዙው መድረሻው የማንግሮቭ ጭቃ ነው። ማንግሮቭ ውሃን ያዘገያል፤ ውሃ ሲዘገይ የተሸከመውን ደለል ይጥላል፤ ብረቱም ከደቃቁ ደለል ጋር ተጣብቆ ይወርዳል። ያደገ ዛፍ ይህን ለዓመታት ችሎ ሊቆም ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዛፉ የሚወድቀው ፍሬ ነው፤ የመጀመሪያ ሥሩን የሚሰድደው እዚያው ጭቃ ውስጥ ነውና። አዲስ ችግኝ የማይወጣበት ደን፣ ዛፎቹ ቆመው እያሉም፣ እያለቀ ያለ ደን ነው።

ዝርያው አቪሴኒያ ማሪና ነው፤ ግራጫ ማንግሮቭ ይሉታል። ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ አንሥቶ እስከ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ይበቅላል። የመረጥኩት ግን ስለተስፋፋ ብቻ አይደለም። ይህ ተክል በቅጠሉ ላይ የጨው ዕጢ አለው፤ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ መልሶ ያወጣል። ከጨው ጋር ብረትም ያወጣ እንደሆነ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ከተከላው 30 ቀን በፊት

መጠኑን መወሰን ካሰብኩት በላይ ጊዜ ወሰደ። የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ1995 ኤድዋርድ ሎንግና ባልደረቦቹ ለባሕርና ለወንዝ አፍ ደለል ያወጡትን መመዘኛ ነው። ሁለት መስመር አለው፤ ከታችኛው በታች ጉዳት እምብዛም አይታይም፣ ከላይኛው በላይ ግን ጉዳት የተለመደ ነው። በአንድ ኪሎ ደረቅ ደለል ለመዳብ 34 እና 270 ሚሊግራም፣ ለዚንክ 150 እና 410፣ ለእርሳስ 46.7 እና 218። መመዘኛው በአብዛኛው የተሠራው በጭቃ ውስጥ ከሚኖሩ ትንንሽ እንስሳት መረጃ ስለሆነ ለተክል በቀጥታ አይሠራም፤ መነሻ ግን ይሆነኛል።

ስለዚህ መዳብ 100 እና 400፣ ዚንክ 250 እና 500፣ እርሳስ 200 እና 800። ከእነዚህ ሌላ ምንም ያልተጨመረበት ንጹሕ ጭቃ። ሰባት ምድብ፣ በየምድቡ ስምንት ባልዲ፣ በድምሩ 56። ካድሚየምን ተውኩት። አደገኛነቱን ባውቅም የተበከለውን ጭቃ በኋላ የማስቀምጥበት አስተማማኝ ቦታ ስለሌለኝ ነው። ማስወገጃውን ሳላዘጋጅ መርዝ መግዛት አልፈልግም።

ከተከላው 28 ቀን በፊት

ቅልቅል። ሦስት ናሙና በ105 ዲግሪ አድርቄ ስመዝን ጭቃው 55 በመቶ ውሃ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ባልዲ 2 ኪሎ ደረቅ ጭቃ እንዲኖር 4.44 ኪሎ እርጥብ ጭቃ መመዘን ነበረብኝ።

ስሌቱ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ጨውን፣ ማለትም ብረቱ ያለበትን ውህድ፣ ከብረቱ ጋር አለማምታታት ነው። ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ውሃም ሰልፌትም ስላዘለ ከክብደቱ መዳብ የሆነው 25.45 በመቶው ብቻ ነው። 2 ኪሎ ጭቃን በኪሎ ወደ 400 ሚሊግራም ለማድረስ 800 ሚሊግራም መዳብ፣ ማለትም 3.14 ግራም ሰልፌት ያስፈልጋል። በዚንክ ሰልፌት ውስጥ ዚንኩ 22.74 በመቶ ነው፤ ለ500ው 4.40 ግራም መዘንኩ። የእርሳስ ሰልፌት በውሃ ስለማይሟሟ እርሳሱን በናይትሬት መልክ ወሰድኩ፤ 62.56 በመቶው እርሳስ ነው፣ ለ800ው 2.56 ግራም።

ጨዎቹን በውሃ አሟሙቼ ባልዲ በባልዲ በእጅ አሸሁ። ሁለት ድርብ ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ የአፍ መሸፈኛ። ሲያልቅ ሁሉንም በውሃ ሸፍኜ ተውኳቸው። ዛሬ ጨው ጨምሮ ነገ መትከል ትክክለኛውን ዓለም አያሳይም፤ ብረቱ ከሸክላው፣ ከብስባሹና የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከሚሰጠው የድኝ ውህድ፣ ከሰልፋይዱ፣ ጋር እስኪተዋወቅ ሳምንታት ያስፈልጉታል።

ከተከላው 9 ቀን በፊት

ንጹሖቹ ባልዲዎች እንደሚጠበቀው የተበላሸ እንቁላል መሽተት ጀምረዋል። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ አሸተትኩ። መዳብ 100 በትንሹ ይሸታል። መዳብ 400 አይሸትም። ዚንክ 500 ከአፍንጫ የማይደርስ ነው። እርሳስ 800 ግን ጨርሶ ሽታ የለውም፤ የጭቃው ቀለምም ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ቡኒ ያደላል። ባልደረባዬ፣ "ሽታው የት ሄደ?" አለችኝ። ብረቱ ሰልፋይዱን ስለያዘው ነው ብዬ መለስኩላት። መልሱ ግማሽ ትክክል እንደሆነ የገባኝ ከ50 ቀን በኋላ ነው።

ሽታውን እንዲህ አጥብቄ የምከታተልበት ምክንያት አለኝ። በውሃ በተዘፈቀ ጭቃ ውስጥ ኦክሲጅን ከላይ ጥቂት ሚሊሜትር አልፎ አይገባም። ከዚያ በታች ያሉት ባክቴሪያዎች በኦክሲጅን ፈንታ በባሕር ውሃ ውስጥ ያለውን ሰልፌት ይጠቀማሉ፤ የሚያወጡት ሰልፋይድ ነው። ሰልፋይድ መዳብን፣ ዚንክንና እርሳስን ሲያገኝ አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ የሚፈጠረው ደቃቅ ውህድ በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፣ ሥርም አይጠጣውም። በባልዲው ውስጥ 400 ሚሊግራም መዳብ አለ ማለት ተክሉ 400 ሚሊግራም ያገኛል ማለት አይደለም። ሽታ ያለበት ጭቃ ሰልፋይድ የተረፈው ጭቃ ነው።

ቀን 0

ተከልኩ። የአቪሴኒያ ፍሬ እናቱ ዛፍ ላይ እያለ ነው የሚበቅለው፤ ሲወድቅ ሽሉ ቀድሞ የዘሩን ሽፋን በስቶ ወጥቷል፣ የቀረው የፍሬው ቀጭን ልጣጭ ብቻ ነው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ሳሳድራቸው ልጣጩ በራሱ ወለቀ። ትል የበላቸውን አውጥቼ በክብደት የሚቀራረቡትን ብቻ መረጥኩ። እያንዳንዱ ባልዲ ላይ አንድ ፍሬ፣ ሁለቱ ወፍራም ክኮች ግማሽ ድረስ ጭቃው ውስጥ። 12 ተጨማሪ ፍሬዎችም በንጹሕ ጭቃ ለመጠባበቂያ ተከልኩ።

ውሃው በሊትር 15 ግራም የባሕር ጨው አለው፤ ከባሕር ውሃ ግማሹ አይሞላም፣ ለዚህ ዝርያ ችግኝ ግን የሚስማማው እንዲህ ለዘብ ያለው ነው። በቀን አንዴ ከጭቃው በላይ 5 ሴንቲሜትር እሞላለሁ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ በቀጭን ጎማ ቱቦ እስከ ጭቃው ፊት ድረስ እስባለሁ። የሳብኩትን አልደፋም፤ ለየባልዲው በየጠርሙሱ ይቀመጥና በማግስቱ ወደዚያው ይመለሳል። ካልሆነ ብረቱን በየቀኑ እያጠብኩ ላወጣው ነው።

ቀን 6

ንጹሖቹ ሁሉም ሥር ሰድደዋል፤ በጣት ሲነኩ አይነቃነቁም። መዳብ 400 ላይ ከስምንቱ አምስቱ ዝንብል ብለዋል። አንዱን ቀስ ብዬ አንሥቼ አየሁት። ሥሮቹ ወጥተዋል፤ ነገር ግን ከ3 ሚሊሜትር አላለፉም፣ ጫፋቸው ቡናማና ዱልዱም ነው። መዳብ ለተክል የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ በጥቂቱ ሲሆን ፎቶሲንተሲስም መተንፈስም ያለ እሱ አይሠራም። ሲበዛ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው የሥር ጫፍን ነው፤ ሕዋሱ የሚከፋፈልበትንና የሚረዝምበትን ቦታ።

እዚህ ላይ ያልጠበቅኩትን ነገር ተረዳሁ። በባሕር ዳር ላይ የችግኝ ሞት ሁልጊዜ መመረዝ መስሎ አይታይም። ሥሩ 3 ሚሊሜትር የቀረ ፍሬ በባልዲዬ ውስጥ ይኖራል፤ እዚያ ግን የሚቀጥለው ማዕበል ነቅሎ ይወስደዋል። ያየ ሰው "ውሃ ወሰደው" ይላል እንጂ መዳብ ገደለው አይልም።

ቀን 15

የመጀመሪያዎቹ ጥንድ ቅጠሎች በሁሉም ምድብ አሉ፣ ከሁለት የመዳብ 400 ችግኞች በስተቀር። እነዚያ ሥር ሳይሰድዱ በሰበሱ። ከዚንክ 500ም አንዱ ሞቷል። ቁጥሩን መዝግቤ ባልዲዎቹን በቦታቸው ተውኳቸው።

ቀን 35

ቁመት ተለካ። አማካዩ በሴንቲሜትር፦ ንጹሕ 11.8፤ መዳብ 100 በ11.5፤ መዳብ 400 በ6.9፤ ዚንክ 250 በ11.2፤ ዚንክ 500 በ8.3፤ እርሳስ 200 በ12.0፤ እርሳስ 800 በ13.1።

መዳብ 100ና ንጹሑን ማንም በዓይኑ አይለያቸውም። ከሁሉም የበለጠ ያስገረመኝ ግን እርሳስ 800 ነው። ከንጹሖቹ በልጧል፤ ቅጠሉም ጥቁር አረንጓዴና ሰፊ ነው። ከመመዘኛው ላይኛ መስመር አራት እጥፍ የሚጠጋ እርሳስ ውስጥ የቆመ ችግኝ እንዲህ ሲያምር ደስ አላለኝም። የሆነ ነገር ተሳስቻለሁ።

ቀን 41

ያገኘሁት ሌሊት ነው፣ ስሌቱን ከመጀመሪያ ስደግመው። እርሳሱን የሰጠሁት በናይትሬት ነው። ናይትሬት ናይትሮጅን ነው፣ ማዳበሪያ ነው። በእርሳስ 800 ባልዲ ውስጥ ከእርሳሱ ጋር 216 ሚሊግራም ናይትሮጅን አስገብቻለሁ፣ ለሌሎቹ ግን ምንም። የማንግሮቭ ጭቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን የሚያንሰው ነው። ያ ጥቁር አረንጓዴ የእርሳስ ቸርነት አይደለም።

የጠፋው ሽታም አብሮ ተፈታ። ባክቴሪያዎች ናይትሬት ካገኙ ሰልፌትን አይነኩም፤ ከናይትሬት የሚያገኙት ጉልበት ይበልጣል። ናይትሬቱ እስኪያልቅ ድረስ በእርሳስ ባልዲዎች ውስጥ ሰልፋይድ የሚሠራ ሥራ ቆሞ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ባልዲዎች ከሌሎቹ የሚለዩት በእርሳስ ብቻ ሳይሆን በጭቃቸው ኬሚስትሪም ነው።

ወደ ኋላ ተመልሼ ማስተካከል አልችልም። የምችለውን አደረግኩ፦ ከመጠባበቂያዎቹ አራቱን ወስጄ ለእያንዳንዳቸው 1.31 ግራም ሶዲየም ናይትሬት፣ ማለትም ያንኑ 216 ሚሊግራም ናይትሮጅን፣ በጭቃቸው ውስጥ በስሪንጅ አስገባሁ። እርሳስ የሌለበት ናይትሬት ምን እንደሚያደርግ ያሳዩኛል። ዘግይተው የጀመሩ ስለሆኑ ፍጹም ማነጻጸሪያ አይሆኑም። እርሳስን በሚመለከት የምጽፈው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ከእነዚህ ጋር እንጂ ከንጹሖቹ ጋር አይነጻጸርም።

ቀን 54

ዚንክ 500 ላይ አዳዲሶቹ ቅጠሎች በጅማቶቻቸው መካከል ቢጫ ሆነዋል፤ ጅማቱ ራሱ አረንጓዴ ነው። ይህ የብረት እጥረት መልክ ነው፤ ተራውን ብረት ማለቴ ነው፣ ደም ውስጥም ያለውን። ጭቃው ብረት ሞልቶታል፤ ነገር ግን ዚንክ ሲበዛ ሥሩ ላይ በመግቢያው ይሻማዋል፣ ቅጠሉም ብረት ሳይደርሰው ክሎሮፊል መሥራት ይቸገራል። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ደህና ናቸው።

ጠዋት ላይ የሁሉም ቅጠል ጨው ለብሷል፤ በተለይ ከታች በኩል። ከእያንዳንዱ ምድብ ዐሥር ዐሥር ቅጠል ሳልቆርጥ በ20 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ አጥቤ እጣቢውን በጠርሙስ ያዝኩ። ለላቦራቶሪ ይሄዳል።

ቀን 63

ለዐሥራ አንድ ቀን ከሥራው ልርቅ ነው። ውሃ መሙላቱንና መሳቡን ለሚረዳኝ ሰው በጽሑፍ ሰጥቻለሁ።

ቀን 74

ተመለስኩ። በኋለኛው ረድፍ ያሉት 14 ባልዲዎች፣ ከየምድቡ ሁለት ሁለት፣ ደርቀዋል። ውሃ የተሞላው የፊተኛው ረድፍ ብቻ ነበር። የሰጠሁት ወረቀት "ረድፉን" ይላል፤ ሁለት ረድፍ እንዳለ አይልም። ጥፋቱ የጽሑፌ ነው።

ጭቃው ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ጥቁር የነበረው ከላይ እስከ 6 ሴንቲሜትር ድረስ ግራጫና ብርቱካናማ ሆኗል። ቅጠሎቹ ጠውልገዋል፣ ግን አልረገፉም። ጭቃው ምን ያህል አየር እንደገባበት በሚሊቮልት የሚያሳየውን የሪዶክስ መለኪያ አስገባሁ፦ እርጥቦቹ ባልዲዎች ውስጥ ከዜሮ በታች 180 ሚሊቮልት አካባቢ ሲያነብ፣ በደረቁት ውስጥ ከዜሮ በላይ 250 ደረሰ። ፒኤች፣ ሲወርድ አሲድ መጨመሩን የሚያሳየው ልክ፣ ከ7.1 ወደ 6.0 ወርዷል። አየር ገብቶ ሰልፋይዱን አቃጥሎታል ማለት ነው፤ ሰልፋይድ ኦክሲጅን ሲያገኝ ተመልሶ ሰልፌት ይሆናል፣ ሲሆንም አሲድ ይፈጥራል።

ልጥላቸው ነበር። ከዚያ ቆም አልኩ። በእነዚህ ባልዲዎች ውስጥ ሰልፋይድ አስሮ ያቆየው መዳብ አሁን የት ነው?

ውሃ መልሼ ሞላሁ፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል።

ቀን 76

ከጭቃው መካከል ያለውን ውሃ ባለ 0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አድርጌ በስሪንጅ ሳብኩ፤ ከደረቁትም ካልደረቁትም። ወዲያው ናይትሪክ አሲድ ጠብ አደረግኩበት፣ ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ።

ቀን 82

ደርቀው የነበሩት ንጹሖቹ ሁለት ችግኞች አገግመዋል፤ ቅጠላቸው ቀጥ ብሏል። ደርቀው የነበሩት መዳብ 100ዎቹ ግን በስድስት ቀን ውስጥ አሮጌ ቅጠሎቻቸውን አረገፉ፤ የአንዱ ጫፍ ጠቁሯል። እነዚህ ከስምንት ቀን በፊት ከንጹሖቹ የማይለዩ ችግኞች ነበሩ። ያልደረቁት ስድስት መዳብ 100ዎች አሁንም አይለዩም።

በጭቃው ውስጥ ያለው የመዳብ መጠን በሁለቱም አንድ ነው። አንድም ሚሊግራም አልጨመርኩም።

በሁለት ባልዲ ነገር ማረጋገጥ እንደማይቻል አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ ሆን ብዬ ልደግመው ወሰንኩ፦ ከንጹሑ፣ ከመዳብ 100፣ ከዚንክ 250ና ከእርሳስ 200 ሁለት ሁለት ባልዲ ወስጄ ለዐሥራ አንድ ቀን ውሃ ነሣኋቸው። ደህና ያለን ችግኝ አውቆ ወደዚያ መላክ ከባድ ነው። ግን ጥያቄው የእነዚህ ስምንት ብቻ አይደለም። ማንግሮቭ ሲቆፈር፣ ለኩሬ ሲከለል፣ ቦይ ተቆርጦ ሲደርቅ የሚሆነው በትክክል ይህ ነው፤ ለዓመታት ታስሮ የተቀመጠ ብረት በአንድ ደረቅ ወቅት ይፈታል።

ቀን 90

የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ውጤት። ከደረቁት መዳብ 100 ባልዲዎች በተሳበው ውሃ ውስጥ ያለው መዳብ ካልደረቁት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዚንክም እንዲሁ። እርሳስ ከፍ ያለው በጥቂቱ ነው፤ እርሳስን ሰልፋይድ ቢፈታውም ብስባሹና የብረት ዝገቱ መልሰው ይይዙታል፣ በቀላሉ አይንቀሳቀስም።

የቅጠል እጣቢውም መጣ። ከዚንክ 500ዎቹ ካጠብኩት ጨው ጋር ዚንክ ወጥቷል፣ ከንጹሖቹ በግልጽ በልጦ። መዳብ በትንሹ፣ እርሳስ ምንም ማለት ይቻላል። ተክሉ ቅጠሉ ድረስ የደረሰለትን ብቻ ነው በዕጢው ማውጣት የሚችለው። እርሳስ ከሥር አልፎ ካልወጣ ዕጢው ምን ያገኛል?

ቀን 99

ሆን ብዬ ያደረቅኋቸው ከስድስት ቀን በፊት ውሃ ተመልሶላቸዋል። መዳብ 100ዎቹ ሁለቱም ቅጠል አረገፉ። ከዚንክ 250ዎቹ በአንዱ ላይ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ፣ ሌላው ደህና ነው። እርሳስ 200ዎቹና ንጹሖቹ ጠውልገው አገገሙ። ከመጀመሪያው አጋጣሚ ጋር ይገጥማል፣ ከዚንኩ አንዱ በስተቀር።

ቀን 120

ነቀላ። ይህን ቀን ስፈራውም ስጠብቀውም ነበር፤ አራት ወር ሙሉ የተከታተልኩት ቅጠልን ነው፣ ነገሩ ያለው ግን ሥር ላይ ነው። ደርቀው ከነበሩት አራት ባልዲዎች፣ ሁለት ንጹሕና ሁለት መዳብ 100፣ ሳይነቀሉ በውሃ ውስጥ ይቆያሉ።

ሥሩን በቀስታ በሚወርድ ውሃ ማጠብ ለአንድ ችግኝ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። በንጹሖቹ ላይ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ብርቱካናማ ልባስ አላቸው። ማንግሮቭ ከላይ ወደ ሥሩ የሚያወርደው አየር ከሥሩ ጫፍ ወደ ጭቃው ይንጠባጠባል፤ ዙሪያው ያለውን የሟሟ ብረት አዝጎ ሥሩ ላይ ያለብሰዋል። ይህ ዝገት ከውጭ የሚመጣውን ከባድ ብረት ይይዛል፣ እንደ ጋሻ ነው። ያው አየር ግን በዙሪያው ያለውን ሰልፋይድም ይፈታል። አንዱ እስትንፋስ ሥሩን ይጠብቃል፣ የታሰረውንም ብረት ያቀርብለታል።

የመዳብ 400ዎቹ ሥር አጭር፣ ወፍራምና ጥቁር ነው፤ ቀጫጭን ሥር የላቸውም ማለት ይቻላል፣ ልባሱም በቁርጥራጭ ነው።

ቀን 124

በ70 ዲግሪ ለሦስት ቀን ደርቀው ተመዘኑ። ያልደረቁት ባልዲዎች የሥር ደረቅ ክብደት፣ አማካዩ በግራም፦ ንጹሕ 2.1፤ መዳብ 100 በ1.6፤ መዳብ 400 በ0.6።

መዳብ 100 ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። እስከ መጨረሻው ቀን በቁመት፣ በቅጠል ብዛት፣ በቀለም ከንጹሖቹ ያልተለየ ችግኝ ከሥሩ አራት እጅ አንዱን አጥቶ ነበር። ሲደርቅ ለምን ቶሎ እንደወደቀ አሁን ግልጽ ነው፤ መዳቡ ሲፈታ የተገናኘው ቀድሞውኑ ከጎደለ ሥር ጋር ነው። ችግኝ ተከላን በቁመትና በቅጠል ብቻ መገምገም ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል በገዛ መዝገቤ አየሁ።

ናይትሬት ብቻ ያገኙት አራቱ ቅጠላቸው በዝቶ ሥራቸው ከድርሻው ያንሳል፤ እርሳስ 800ም በትክክል እንደዚያ ነው። ምግብ የቀረበለት ተክል ሥር ለማብዛት አይቸኩልም። ሁለቱን ሳነጻጽር ለእርሳሱ የሚቀረው ልዩነት ከልኬቴ ስህተት አይበልጥም። ይህ ማለት እርሳስ ያለበት ጭቃ ደህና ነው ማለት አይደለም። ችግኙ በሩን ዘጋበት ማለት ነው፤ እርሳሱ እዚያው ነው፣ ጭቃውን የሚበሉት ቀንድ አውጣዎችና ሸርጣኖች ግን በር የላቸውም።

ቀን 129

የሥርና የቅጠል ትንተና። መዳብ በቅጠል ውስጥ ያለው በሥር ካለው ዐሥር እጅ አንዱን አይሞላም። ዚንክ እስከ ሢሶው ድረስ ወደ ላይ ወጥቷል። እርሳስ ቅጠል ላይ ለመለካት እስከሚያስቸግር ድረስ ጥቂት ነው። በሥሩ ውስጥ ወደ ውሃ ቧንቧው መግቢያ ላይ ያለው ሰም መሰል ቀለበት ውሃው የሚገባበትን ይመርጣል፤ ዚንክ ተክሉ በየቀኑ የሚፈልገው ስለሆነ የሚያሳልፈው አጓጓዥ አለው፣ እርሳስ የለውም።

ጭቃውን ሁሉ ክዳን ባላቸው ባልዲዎች አሸግኩ፤ መዳብ ከመዳብ፣ እርሳስ ከእርሳስ ጋር፣ መጠኑና ቀኑ ተጽፎባቸው። ከላያቸው ውሃ አለ። እንዲደርቁ አልተውኳቸውም።

ቀን 138

ሳይነቀሉ የቆዩትን አራት ባልዲዎች ለካሁ። ንጹሖቹ ከዜሮ በታች 150 ሚሊቮልት ደርሰዋል፣ ተመልሰው ጠቁረዋል፣ ይሸታሉ። መዳብ 100ዎቹ ከዜሮ በታች 40 ላይ ናቸው። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፤ ገና ምንም ሽታ የላቸውም። በየሦስት ቀኑ እለካለሁ።